ያልደወልንበት ሣጥን

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር ቡና ጠጥተን ስንወጣ፣ መንገድ ዳር አንዲት ወጣት ሴት ተንበርክካ ግራጫ የብረት ሣጥን ቀለም ስትቀባ አገኘናት። ሣጥኑ የትራፊክ መብራት የሚያዘው ነው። በየመስቀለኛው መንገድ ጥግ ቆሞ ለብቻው የሚያንጎራጉር፣ ሰው ተደግፎት ስልክ የሚያወራበት፣ ውሻ እግሩን የሚያነሣበት፣ ዐይኑን ጣል የሚያደርግበት ግን የሌለ ሣጥን። ልጅቱ የቀለም ቆርቆሮዎቿን ደርድራ፣ ከጉልበቷ ሥር ካርቶን አንጥፋ በጥሞና ትሠራለች። ወዳጄ ቆም ብሎ አያትና፣ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው በዚያ ሳቅ ላይ ነው፤ በወዳጄም፣ በራሴም ላይ።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ሣጥን በቀለም ማስዋብ ዛሬ በብዙ የፈረንጅ ከተሞች የማዘጋጃ ቤት ሥራ ሆኗል። የአውስትራሊያዋ ብሪዝበን በ1999 ጀመረችው፤ ቦስተን በ2008 ተከተለች (ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ማዘጋጃ ቤቶቹ ይህን ሲያደርጉ በድንገት የጥበብ ፍቅር ወድቆባቸው እንዳይመስላችሁ። በሌሊት የሚረጭ ቀለም ይዘው ስማቸውን በየግድግዳው የሚሞነጫጭሩ ልጆች አሉ። ያን ለማጥፋት በየዓመቱ ገንዘብ ይፈስሳል። ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር ታወቀ፤ ልጆቹ ባዶ ግድግዳ ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል፣ ሥዕል ያለበትን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፉታል። ስለዚህ ሥዕል ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ዋሽንግተን ራሷ በ2007 የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራሟን ስትጀምር፣ ከኋላው የቆመው ቆሻሻ የሚያነሣው መሥሪያ ቤት ነበር። ይህን የምለው ለመዝለፍ አይደለም። ዘበኛም እንጀራውን ይብላ። ነገር ግን ለዘበኝነት የተቀጠረ ሥዕል ምን እንዲል እንደሚፈቀድለት መገመት አያዳግትም፤ ወፍ፣ አበባ፣ ቢራቢሮ፣ ጀንበር ስትጠልቅ። በአንዳንዱ ከተማማ ብሩሽም ቀርቷል፤ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ሥዕል በፕላስቲክ ይታተምና ሣጥኑ እንደ ልደት ስጦታ ይጠቀለልበታል።

ወዳጄ የሳቀው በዚህ ቢሆን ኖሮ አብሬው እስቅ ነበር። እርሱ ግን የሳቀው በሥዕሉ ዓይነት አይደለም፤ «ሣጥን ላይ ምን አስለፋ?» ብሎ ነው። ለዚህ መልስ አለኝ፤ መልሱ ደግሞ ሌላ ሣጥን ነው።

ዋሽንግተን ከትራፊኩ ሣጥን የቀደመ ሌላ ሣጥን አላት። ከተማዋን የረገጠ ሁሉ ዐይቶታል፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በብረት አምድ ላይ የተቀመጠ፣ ትንሽ ቤት የመሰለ ከባድ የብረት ቀፎ ነው። ቀዩ የእሳት አደጋ መጥሪያ፣ ሰማያዊው የፖሊስ መገናኛ ነበር። መተከል የጀመሩት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ማለቂያ ገደማ፣ በ1860ዎቹ ነው። የእሳት አደጋው ሣጥን ብልሃት እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ቤቱ የተያያዘበት ሰው ሮጦ ይመጣል፤ እጀታውን ይስባል። ሣጥኑ በቴሌግራፍ ሽቦ የራሱን ቁጥር ብቻ ወደ ማዕከል ይልካል። ቁጥሩ የየትኛው መንገድ ጥግ እንደሆነ ማዕከሉ ያውቃል፤ መኪናው ይወጣል። በቃ። ስምህ ማነው የለም፤ ከየት መጣህ የለም፤ እንግሊዝኛህ አልገባኝም የለም። ጥጉ ራሱ ነበር የሚጣራው።

በ1970ዎቹ ያ መሣሪያ በስልክ ተተካ፤ 911 መደወል ሲለመድ ደግሞ፣ በ1990ዎቹ፣ ሣጥኑ ጨርሶ ተተወ። የፖሊሱም ቢሆን በ1960ዎቹ የመኪና ሬዲዮ ከመጣ ወዲህ ሥራው አንሶ ነበር። ሆዳቸው ተዘርግፎ ቀፎአቸው ቀረ። ብረቱ ከባድ፣ መሠረቱ ጥልቅ ነውና ነቅሎ መጣሉ ራሱ ወጪ ነበር። እኛ በዚህ ከተማ ታክሲ ስንነዳ እነዚህ ሣጥኖች የቢራ ቆርቆሮና የሲጋራ ቁራጭ ማስቀመጫ ሆነው አውቃቸዋለሁ።

በ2000 «ከልቸራል ቱሪዝም ዲሲ» የተባለ ድርጅት ከከተማዋ የኪነ ጥበብ ኮሚሽንና ከመንገድ መሥሪያ ቤቱ ጋር ሆኖ «አርት ኦን ኮል» የሚል ፕሮግራም ጀመረ። መጀመሪያ ሣጥኖቹ በየመንገዱ ተቆጠሩ፤ በመቶዎች ነበሩ። ከዚያ እርሳስ ያለበት አሮጌ ቀለማቸው ተፋቀ፤ የመነሻ ቀለም ተቀቡ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ቁም ነገሩ። ሣጥኑ ላይ ምን ይሁን፣ ማን ይሥራው፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ለየሠፈሩ ማኅበር ተተወ። በማውንት ፕሌዘንት ማይክል ሮስ የተባለ ቀራጺ የሠፈሩን ታሪክ በነሐስ እየቀረጸ በየቀፎው አስቀመጠው። ጆርጅታውን የራሱን ሠራ፤ ክሊቭላንድ ፓርክም፣ ሸሪዳን ካሎራማም እንዲሁ። በየሣጥኑ ጀርባ ድሮ ምን ይሠራ እንደነበር የሚናገር ጥቂት መስመር አለ። የድሮ ቤቶች፣ የሞቱ ሴናተሮች፣ የትራም ሐዲድ፣ ሠፈሩ ገና እርሻ ሳለ የነበረ አጥር ሳይቀር ተሥሏል። ከወፉና ከቢራቢሮው ጋር እንዳይምታታብኝ። እዚህ ሣጥኑ አልተሸፈነም። ሥራውን ነው የቀጠለው፤ እንደ ድሮው የቆመበትን ጥግ ቁጥር ይናገራል። «እዚህ ጥግ ላይ እነ እገሌ ነበሩ» ይላል።

እነ እገሌ እነማን ናቸው? ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል።

እኔ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት በ1984 ነው። አብዮቱን ሸሽተው ከወጡት፣ የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግም በር ከከፈተላቸው ከብዙ ሺሕ ወገኖቼ አንዱ ነኝ። ያረፍነው አዳምስ ሞርጋን ነበር። የሠፈሩ ስም ራሱ አንድ ታሪክ ነው፤ አዳምስ የነጮች፣ ሞርጋን የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነበሩ። ፍርድ ቤት በ1954 የዘር መለያየቱን ከሻረው በኋላ ነው ሁለቱ ስሞች ተጋብተው የሠፈሩ ስም የሆኑት። በ18ኛው ጎዳና ላይ ቀይ ባሕር፣ መስከረም፣ ፋሲካ እየተባሉ ቤቶች ተከፈቱ። ፈረንጅ በእጁ መብላት የለመደው እዚያ ነው። እኛ ግን ከደንበኛው ፎቅ በታች፣ ምድር ቤት ውስጥ ነበርን። ጤፍ የለም። ሴቶቹ ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን ራሱ የሚነፋ ዱቄት በጥብጠው ነበር እንጀራ የሚያወጡልን። አንዱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በአንድ ክንድ ስፋት ዳስ ተቀምጦ ለፈተና ያጠናል፤ ሌላው እስከ 2008 ድረስ ሜትር ባልነበረው ታክሲ ከተማዋን በዞን ካርታ እየከፋፈለ ያድራል። ኪራዩ ሲወደድ ወደ 9ኛው ጎዳና ወረድን፤ ደግሞ ሲወደድ ድንበር ተሻግረን ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ገባን። 40 ዓመት ሆነ። እኔ የታክሲ ሰው ነኝ፤ ጥግ የማላውቀው የለም። ያንን ምድር ቤት፣ ያንን ዳስ የሚያነሣ አንድ ሣጥን እስካሁን አላየሁም።

«ፈረንጅ ንቆን ነው» የሚል አይጠፋም። ቀላል መልስ ነው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ስመልሰው ኖሬያለሁ። እውነቱን ግን ልንገራችሁ።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ። በ2003 ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ አገኙኝና፣ «ልጄ፣ ማክሰኞ ማታ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ስብሰባ አለን። ጥጋችን ላይ ስላለው የእሳት አደጋ ሣጥን ነው። የአንተ ሰዎች ቢሆኑ ምን ያስቀምጡበት ነበር?» አሉኝ። ሥራ እገባለሁ አልኋቸው። ውሸቴን አልነበረም፤ እገባ ነበር። ነገር ግን ለለቅሶ፣ ለክርስትና፣ ለዕድር ስብሰባ፣ ከአገር ቤት ለመጣ ዘፋኝ ሳይቀር ሥራ ስቀር ኖሬያለሁ። ለሣጥን ሥራ መቅረት ግን አእምሮዬ ውስጥ አልነበረም። በወሩ ደግመው ጠየቁኝ። በሦስተኛው አልጠየቁኝም። እሳቸው አረፉ፤ ልጆቻቸው ቤቱን ሸጡ፤ እኔም ወጣሁ። ያ ሣጥን ዛሬም የመነሻ ቀለሙን እንደተቀባ፣ በሩ እንደ ወለቀ፣ ዝጎ ቆሟል። ሣጥን በሠፈሩ ሰው ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ፣ ያልተሠራውም በሠፈሩ ሰው ዝምታ ነው ያልተሠራው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልን አድገናል። ዝንቡማ አልገባም።

ወዲያው በ2005 ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። 9ኛው ጎዳና አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ ይሰየምልን ተባለ። ሎስ አንጀለስ በ2002 አድርጋው ነበርና እኛስ ምን ጎደለን ነው። እኔም በየቡና ቤቱ ስሟገት ነበር። የሠፈሩ ነባር ጥቁር አሜሪካውያን ግን አይሆንም አሉ። ይህ «ጥቁር ብሮድዌይ» ሲባል የኖረ ሠፈር ነው፣ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚህ ነው፣ መገንጠሉንም ቃጠሎውንም ችለን የያዝነውን ስም ለማን ብለን ነው የምንለቀው አሉ። ተቆጣን። «ጥቁር በጥቁር» አልን፤ ሌላም ሌላም የማይጻፍ ነገር አልን። ስያሜው ሳይሆን ቀረ። ዛሬ ሳስበው ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። ሣጥን እንሥራ ብለው ሲጠሩት ያልመጣ ጎረቤት፣ መንገዱ በስሜ ይጠራልኝ ብሎ ሲመጣ ምን ይባላል? እኚያ አሮጊት በሕይወት ቢኖሩና በዚያ ክርክር ላይ ቢገኙ፣ ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት የምችል አይመስለኝም። ስም የሚገኘው ከምክር ቤት አይደለም፤ መጀመሪያ ከጥግ ነው።

አሁን ደግሞ ሣጥኑ ተሰጠን እንበል። እስቲ ወገኖቼን በማውቃቸው ልክ ልገምት። የመጀመሪያው ስብሰባ የሚፈርሰው በሰንደቅ ዓላማው ነው። አንዱ ባለ አንበሳው ይሁን ይላል፤ ሌላው ባለ ኮከቡ፤ ሦስተኛው ልሙጡ። ሣጥኑ አራት ጎን አለውና ለሦስቱም አዳርሶ አንድ ጎን ይተርፍ ነበር፤ ነገር ግን የትኛው በመንገዱ ፊት ይሁን በሚለው ደግሞ እንደገና እንጣላለን። ከዚህ የተረፈ እንደሆነ በሁለተኛው ስብሰባ ላሊበላ፣ ጀበና፣ አንገተ ረጅም ቆንጆ ይመጣሉ። በየምግብ ቤቱ ግድግዳ የተንጠለጠለው የአየር መንገድ ካላንደር ሣጥኑ ላይ ይገለበጣል። ላሊበላን የሚጠላ ምን ክርስቲያን አለ? ነገር ግን ላሊበላ 18ኛው ጎዳና ላይ አልነበረም። እዚያ የነበረው ምድር ቤቱ ነው። ጀበና የሣለ ሰው ቱሪስት ጠራ እንጂ የቆመበትን ጥግ ቁጥር አልተናገረም፤ ከፈረንጁ ቢራቢሮም የሚሻልበት ነገር አይታየኝም። ለዚህ ነው በሣጥን ሥዕል ላይ ስሟገት የፈረንጁን ማዘጋጃ ቤትና የእኛን ምግብ ቤት በአንድ ዱላ የምመታው። ሁለቱም ሥዕልን የሚፈልጉት አንድ ነገር እንዳይታይ ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ እርሱን አልፌ መሄድ አልችልም። አንዲት ወጣት የአገሬ ልጅ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ «ጋሼ፣ ቀለሙ የሚመጣው እኮ ደሃው ከወጣ በኋላ ነው። ሣጥኑ ሲያምር ኪራዩ ይጨምራል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀለም ብቻውን ኪራይ አያስወድድም፤ ነገር ግን ኪራይ ሊወደድ ባለበት ቀለም ቀድሞ ብቅ ሲል ዐይቻለሁ። የሠፈር ማኅበር ያለው፣ ገንዘብ የሚያዋጣው፣ ማመልከቻ መጻፍ የሚችለው ቀድሞም ኑሮው የተደላደለው ነው። የተዋቡት ሣጥኖች በየትኛው የከተማዋ ወገን እንደሚበዙ ታክሲ ነድቶ የሚያውቅ ያውቃል። ሆኖም ከዚህ እውነት እርሷ የምታወጣው፣ እንራቅ ነው፤ እኔ የማወጣው፣ ቀድመን እንድረስ ነው። መውጣታችን ካልቀረ፣ ነበርን የሚል ነገር ትተን ብንወጣ ምን ነበረበት? የሚቀጥለው ባለቤት ውሻውን ይዞ ሲያልፍ ያነበው ነበር። ለውሻው ሲል ቆሞም ቢሆን።

ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ላለ አንድ ሠዓሊ ወዳጄ በስልክ ሳጫውተው ነገሩን ወደ አገር ቤት ወሰደብኝ። በ2024 በተጀመረው የኮሪደር ልማት የመብራቱም የስልኩም ሽቦ ከምሰሶ እየወረደ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ሽቦ ሲቀበር ሣጥን ይበቅላል። «እኛም እኮ ልንሥልባቸው እንችላለን» አለኝ ደስ ብሎት። ደስታውን መግደል አልፈለግሁም፤ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። በዚያው ዓመት የፒያሳ ዕድሜ ጠገብ ሠፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ፈርሰዋል። እዚያ ጥግ ላይ የሚቆመው ሣጥን ምን ይሣልበታል? ለጨረታ ይወጣና ያሸነፈው በፕላስቲክ አበባ አትሞ ይጠቀልለዋል? ወይስ ከአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ይነሣና፣ እዚያ ተወልደው ከከተማ ዳር የተወሰዱትን እማማ ፈልጎ፣ «በርዎ ከዚህ ስንት ርምጃ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል? ወዳጄ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሁለተኛውን ማን ይፈቅድልናል?» አለኝ። እኔ ዋሽንግተን ተቀምጬ ደፋር መሆን ስለሚቀለኝ አልመለስሁለትም። ለእኔ ሲፈቀድልኝ ያደረግሁትን ግን አጫወትሁት፤ የአሮጊቷን ማክሰኞ።

የዋሽንግተን ከተማ በየሠፈሩ የተመረጡ የጎረቤት አማካሪ ኮሚሽኖች አሏት፤ ስብሰባቸው ለማንም ክፍት ነው። ስለ መጠጥ ፈቃድ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ዛፍ ይነታረካሉ። ባለፈው ወር ሄድሁ። አንድ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ አንድ ምግብ ቤት የበረንዳ ወንበሮች ሰማሁ። በመጨረሻ የሕዝብ አስተያየት ሲባል ተነሥቼ፣ እገሌ ጥግ ላይ ያለው የድሮ የእሳት አደጋ ሣጥን ባዶውን ነው፣ እንድንሠራው እንፈልጋለን አልሁ። «እንድንሠራው» ያልሁት ብቻዬን ሆኜ ነው። «እናንተ እነማን ናችሁ?» አለችኝ ሰብሳቢዋ፤ በክፋት አይደለም፤ ለመመዝገብ ነው። ስምና አድራሻ ያላቸው ሦስት ሰዎች፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሐሳብ ጽፈን እንድናመጣ ነገረችኝ።

ሁለተኛውን ሰው ለማግኘት ወደዚያው ስለ መነኩሴው ቆብ ወደ ተረተብኝ ወዳጄ ሄድሁ። ነገርሁት። እንደ ጠበቅሁት ሳቀ።

«እና ምን ልታስቀምጥበት ነው?» አለኝ።

«የዱቄት ከረጢት» አልሁት። «በነሐስ። አፉ የተከፈተ፣ ከጎኑ ባልዲ።»

ሳቁን አቆመ። ጥቂት አሰበና፣ «የሶዳ ውሃውን ረሳኸው» አለ። «ዱቄቱ ያለ ሶዳ ዐይን አያወጣም ነበር እኮ። እኔ ነበርሁ ጠርሙሱን ከላይ ከመጠጥ ቤቱ ሰርቄ የማወርድላቸው። ጠርሙሱንም አድርግበት።» ከዚያ ባልዲው ነጭ ነበር፣ አይደለም አረንጓዴ ነበር ብለን ስንከራከር መሸ። ስብሰባው በመጪው ረቡዕ ማታ ነው፤ አንድ ሰው ይጎድለናል።